ቱቦውን በአፋቸው የሳቡት ሰው

የጋሽ ሙጨን ማረፍ የነገረኝ የድሮው የመስክ ሾፌራችን ነው። ጎንደር ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ነበር። "ትናንት ሸሕዲ ላይ ተቀበሩ፤ ሳልነግርሽ ብቀር ቅር ይልሻል ብዬ ነው" አለኝ። ነፍስ ይማር ብዬ ስልኩን ዘጋሁና እንባዬን ጠበቅሁ። የመጣው ግን እንባ ሳይሆን የአፍ ጣዕም ነው። ኮምጣጣ፣ ለብ ያለ፣ ምላስ ሥር ተደብቆ የሚቀር የበሬ ጨጓራ ጣዕም። ተነሥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ደጋግሜ ተጉመጠመጥኩ።

ሟች የሚነሣው በመልካሙ እንደሆነ አውቃለሁ። ደግነታቸውን፣ ሰው ወዳድነታቸውን እየዘረዘርኩ ብጀምር ማንም አይቃወመኝም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን እኔ ጋሽ ሙጨን ያወቅኋቸው በመጸየፍ ነው። ዛሬም ሳስባቸው እጸየፋለሁ። ልዩነቱ፣ ያኔ የምጸየፈው እሳቸውን ነበር።

ያገናኘን ሥራ እንዲህ ነው። ከብት ገለባና አገዳ በልታ ሥጋና ወተት የምታደርገው በራሷ አቅም ብቻ አይደለም። ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ቁጥራቸው የማይታወቅ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ፤ የምትበላውን የሚፈጩላት እነሱ ናቸው። የመተማ ቆላ ከብት ደግሞ የደጋው ከብት በሚዝለፈለፍበት ሙቀት የደረቀ የማሽላ አገዳ እየቆረጠመ በጋውን ይወጣዋል። ጨጓራው ውስጥ ማን ቢኖር ነው? ይህን ለማወቅ ከጨጓራው ውኃ ይቀዳል፣ በበረዶ ሳጥን ይታሸጋል፣ ወደ ውጭ ላብራቶሪ ይላካል። ላብራቶሪው በዚያ ውኃ ውስጥ ያገኘውን ዲ.ኤን.ኤ ሁሉ አንብቦ፣ በአራት ፊደል የተጻፈ ማለቂያ የሌለው ጽሑፍ አድርጎ ይመልሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ድርሻ ነው። የትኛው ቁራጭ የየትኛው ተሕዋስ እንደሆነ በኮምፒውተር እለያለሁ። ወንበር፣ ማራገቢያ፣ ኪቦርድ፤ ንጹሕ ሥራ ነው። የመረጥኩትም ለዚያ ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሽታ አልችልም።

ችግሩ፣ ለማስተርሴ ማሟያ የሚሆነውን ናሙና ራሴ ወርጄ ማስቀዳት ነበረብኝ። መጋቢት ላይ ሸሕዲ ስደርስ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሊያቀልጠው ምንም አልቀረውም። የመሥሪያ ቤታችን የመስክ ጣቢያ ከመንገዱ ዳር ያለች ሁለት ክፍል ናት። ጋሽ ሙጨ የት አሉ ብዬ ስጠይቅ ወደ ጓሮ ጠቆሙኝ። አንዲት ላም በእንጨት መሐል ቆማለች፤ አንድ ጠና ያሉ ቀጭን ሰውዬ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ኋላዋ ውስጥ አስገብተው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ሲያዩኝ ክንዳቸውን አወጡና ለሰላምታ ክርናቸውን ዘረጉልኝ። ክርናቸውም ያው ነበር።

"ዶክተሯ አንች ነሽ?" አሉኝ።

"ዶክተር አይደለሁም፤ ገና ማስተርሴን ነው የምሠራው።"

"ትሆኛለሽ። ኸዚህ የወረደ ሁሉ ዶክተር ሁኖ ነው የሚመለስ።" አልሳቁም። እንደ አየር ጠባይ ነገር ነበር የተናገሩት።

ምሳ አብረን በላን። ያንን ክንድ በግማሽ ጣሳ ውኃ፣ ያለ ሳሙና አለቅለቁትና ሽሮው ፊት ቁጭ አሉ። ጥፍሮቻቸው ሥር አረንጓዴ ነገር ነበር፤ ባወቅኋቸው ጊዜ ሁሉ ከዚያ ጠፍቶ አያውቅም። አጎረሱኝ። እንቢ ማለት ነውር ነውና ተቀበልኩ፤ ጉንጬ ውስጥ አቆይቼ ዞር ሲሉልኝ ጠብቄ በሶፍት ተፋሁት። ለካ አይተውኛል። ሁለተኛ አጉርሰውኝ አያውቁም።

ጋሽ ሙጨ የሚያስጠላ ሰው ነበሩ፤ ይህን ሳልሸፍን ልናገር። አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ይናፈጣሉ። ሲያወሩ መሐል ላይ ይተፋሉ፤ ተፍተው ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ያገኙትን ሁሉ ያሸታሉ፤ እበቱን፣ መኖውን፣ የታመመ ጥጃ እስትንፋስ፣ አንዴ ደግሞ የእኔን ቦርሳ። ከጨጓራ የተቀዳ ውኃ ውስጥ ጣታቸውን ነክረው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉና "ይኸ ፋጉሎ በልቷል፣ የሰሊጥ" ይላሉ፤ ዘይቱ የወጣለትን የሰሊጥ ዝቃጭ ማለታቸው ነው። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። ተሳስተውም ያውቃሉ፤ ሲሳሳቱ የሚወቅሱት ከብቱን ነው። ለገበሬዎቹም ይዋሹ ነበር። ቱቦውን በበሬው ጉሮሮ ስናወርድ ባለቤቱ የተጨነቀ እንደሆነ "ለሆዱ ደግ ነው፣ ያጸዳለታል" ይሉታል፤ ምንም አያጸዳለትም። ይህ ውሸታቸው ያኔ በጣም ያናድደኝ ነበር። ሳይንስ በእውነት ላይ ነው የሚቆመው እያልኩ እገሥጻቸው ነበር፤ እኔ፣ እሳቸውን።

ከብቱን ግን ይቅርታ ይጠይቁታል። እውነቴን ነው። ሁለት ወጠምሻ ቀንዱንና አፍንጫውን ይዘው፣ አፉ ውስጥ የእንጨት መክፈቻ ገብቶ፣ ቱቦው ሊወርድ ሲል ጆሮው ሥር ጠጋ ይሉና "ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ዛሬ ያንተ ተራ ሁኖ ነው" ይሉታል። በሬው የሚረጋው በዚህ ይሁን ወይ በድካም አላውቅም፤ ይረጋ ነበር ግን። ሥራው ሲያልቅ ከሸሚዛቸው ኪስ ሎሚ አውጥተው ገምሰው እጃቸውን ያሹበታል። የተረፈውን ይመጥጡታል፤ በዚያው እጅ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ኮንትራት እየፈረሙ ኖረዋል። ከኋላቸው የመጡ፣ ቱቦ በየት በኩል እንደሚገባ እሳቸው ያስተማሯቸው ልጆች ቋሚ ሆነው አልፈዋቸዋል። የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያቸው ላይ ከስማቸው በታች "ጊዜያዊ" የሚል አለበት። አንድ ቀን አውጥተው አሳዩኝ፤ ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኗል። "ዘጠኝ ዓመት ጊዜያዊ አለ? ሰው ራሱ ኸዚህ ምድር ጊዜያዊ ነው፣ የኔ ግን በዛ" አሉኝ። በዚያ ዓመት ዝርዝር ወጥቶ ነበር፤ ቋሚ ከሚሆኑት መሐል ስማቸው መጀመሪያ ላይ ነበር። የሚቀረው የፕሮጀክቱ ኃላፊ ፊርማ ነው። ለሚስታቸው ለወይዘሮ ትርንጎ ነግረዋል፤ ለልጃቸው ለእናናም ነግረዋል፤ ሸሕዲ ውስጥ ሻይ ለሚያፈሉት ሴት ሳይቀር ነግረዋል። እኔ ያመጣሁት የናሙና ሥራ ሳይበላሽ ካለቀ ፊርማው አይቀርም ይሉ ነበር።

ከሸሕዲ ወደ ገለጉ በኩል ገባ ብሎ አንድ የጎንደር ባለሀብት የሰሊጥ እርሻ አለው፤ ከብትም ያደልባል። ፋጉሎ የሚበሉት የእሱ ናቸው፤ አገዳ ብቻ የሚበሉት ደግሞ የአካባቢው ሰው ከብቶች። ሁለቱን ማወዳደር ነበር ሐሳቤ፤ የአካባቢውን ሰው ከብቶች በፓምፕ ቀድተን ጨርሰናል። እርሻው ደርሰን በሬው ተይዞ፣ ቱቦው ወርዶ፣ ጋሽ ሙጨ የእጅ ፓምፑን ሲስቡት ጎማው ተሰነጠቀ። ገልብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ ጣሉት። "ፓምፕ ማፊ" አሉ፤ የለም ማለታቸው ነው፤ ድንበር ላይ የኖረ ሰው ክፉ ወሬ ሲናገር አረብኛው ይቀናዋል።

ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቼ ጎንደር ለኃላፊው ደወልኩ። አንድ አዲስ ፓምፕ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሮው ውስጥ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል፣ ጎብኝ ሲመጣ ይታያል። እሱን ይላኩልን አልኩት። "ሐሙስ ናሙናው አውሮፕላን ላይ መሆን አለበት" አለኝ። "ፓምፕ እስኪደርስ ሐሙስ ያልፋል። በሆነ መንገድ ተወጡት።" ወርጄ ቃሉን እንዳለ ለጋሽ ሙጨ ነገርኳቸው።

"በሆነ መንገድ?" አሉ። ጎንበስ ብለው የቱቦውን ጫፍ አነሡና አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

ሳቡ። ጉንጫቸው ገባ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። ቱቦው ውስጥ አረንጓዴ ውኃ እየተንፏቀቀ ሲመጣ ይታየኛል። አፋቸው ሲደርስ ነቅለው ወደ ጎን ተፉና ጫፉን ዝቅ አድርገው ወደ ብልቃጡ ለቀቁት፤ አንዴ ከተሳበ በራሱ ይወርዳል። ሽታው ከሳምንት በላይ የተረሳ ድፍድፍ ይመስላል፤ ለብ ያለ መሆኑ ግን ከሽታው ይብሳል። ከአፋቸው ዳር አረንጓዴው እየተንጠባጠበ "ፋጉሎ" አሉኝ። ከአገዳው ክምር ጀርባ ሄጄ ቁርሴን በሙሉ መለስኩት።

ስመለስ ቀንድ ከያዙት ወጣቶች አንዱ፣ ለአጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረ የጎጃም ልጅ፣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ "ኧረ እኒህ ሰውየ ምን ተደርጎላቸው ነው" አለ። ጋሽ ሙጨ ሁለተኛውን በሬ ይቅርታ እየጠየቁ ነበር።

ማስቆም ነበረብኝ። ሰው በአፉ የሳበው ናሙና ውስጥ የሰው ምራቅ እንደሚገባ ከዚያ ግቢ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የተማርኩትም እሱን ነው። ግን ሐሙስ አለ፤ የማስተርስ ማሟያዬ አለ፤ ሙቀቱ አለ። ትንሽ ምራቅ በዚያ ሁሉ ውኃ ውስጥ ምን ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። "ቀጥሉ" አልኳቸው። ቀጠሉ።

በማግስቱ ጋሽ ሙጨን ወባ ጣላቸው። ግራሩ ሥር ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ፤ አራት በሬ ቀርቷል፤ የእርሻው ሰዎች መሄድ ፈልገው ያጉረመርማሉ። "ቆይ፣ ልነሣ" ብለው ሞከሩ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ቱቦው በእጄ ነበር። ሁሉም እኔን ያያሉ። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም፤ በማንም ሳይሆን በሶፍት በተፋሁት ጉርሻ። ዓይኔን ጨፈንኩና ጫፉን አፌ ውስጥ አስገባሁት። የሳቸው አፍ የነበረበትን ጫፍ።

የመጣውን ነገር መግለጽ አልፈልግም። መጣ፣ ሞላ፣ ጥቂትም ወደ ታች ወረደ። ያ የጎጃም ልጅ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ጋሽ ሙጨ አልሳቁም። ጋቢያቸውን እየጎተቱ ተነሥተው መጡና ሎሚውን ሰጡኝ። "በይ፣ አሁን ዶክተር ሁነሻል" አሉኝ። አራቱንም ሳብኩ። ወደ ሸሕዲ ስንመለስ መኪናው ውስጥ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር፤ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ለሾፌሩ ሁለቴ አወሩለት።

እዚያው መኪና ውስጥ ቅጹን ሞላሁ። ናሙናው በምን እንደተወሰደ የሚጠይቀው ቦታ ላይ "በፓምፕ" የሚል ቀድሞ ታትሞበታል፤ አጠገቡ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። በሁሉም ላይ ምልክት አደረግሁ። ጋሽ ሙጨ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"በፓምፕ ነው የምትይው?"

"ቅጹ ሌላ ቦታ የለውም።"

"ኸጎኑ ቢጻፍስ?" አሉ። ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ስከተው "አንች ታውቂያለሽ" ብለው ተኙ።

ሰባት ወር ቆይቶ ጽሑፉ ተመለሰ። ቢሮዬ ውስጥ ከፍቼ ቁራጮቹን ማዛመድ ጀመርኩ። አብዛኛው የሚጠበቀው ነው፤ አገዳ የሚበሉትና ፋጉሎ የሚበሉት ለየብቻቸው ይሰበሰባሉ። ከእርሻው የመጡት ብልቃጦች ውስጥ ግን በበሬ ጨጓራ የማይኖሩ ተሕዋስያን ተቀምጠዋል። የሰው ጥርስ ላይ፣ የሰው ምላስ ላይ የሚኖሩ ናቸው። በብዛት። ዝም ብሎ ምራቅ ሲነገር አንድ ነገር ነው፤ ስም በስም ተዘርዝሮ ስክሪን ላይ ሲታይ ሌላ ነው። ከነሱ ጋር የሰው የራሱ ዲ.ኤን.ኤም አብሮ ነበር። በአብዛኞቹ ብልቃጦች ውስጥ የወንድ። በአራቱ ውስጥ የሴት።

የሰው ዘረመል በከብት ናሙና ውስጥ ከተገኘ መሰረዝ ደንብ ነው። የሰው ገመና ነውና ማንም ሊያየው አይገባም ይላል ደንቡ፤ መልካም ደንብ ነው። አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል። እኔ ግን ከመሰረዜ በፊት አራቱን ብልቃጦች ቆጥሬ፣ ቀኑን አመሳክሬ፣ ራሴን በደንብ አየሁ። ከዚያ ደንቡን አከበርኩ። ወንዱም ሴቷም ጠፉ። የአፍ ተሕዋስያኑ ግን ቀሩ፤ እነሱ ወንድ ሴት አይሉም።

ለኃላፊው የእርሻው ናሙናዎች በሰው ምራቅ ተበክለዋል ብዬ ነገርኩት። ከጀርባው መስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ፓምፑ ከነፕላስቲኩ አለ።

"ማን ነው አፉን የነከረበት?" አለኝ።

"ጋሽ ሙጨ ናቸው።"

"አንቺ አልነበርሽም እንዴ?"

"ሌላ በረት ጋ ነበርኩ።"

"ቅጹ በፓምፕ ይላል።"

"እሳቸው የነገሩኝን ነው የሞላሁት።"

አየኝ። "በሆነ መንገድ ተወጡት" ማለቱን ያስታውስ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ቁጣ አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። እኔም እፎይታውን አይቼ እፎይ አልኩ። "በጽሑፍ አድርጊልኝ" አለኝ። ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ትሆናለች፤ ሦስቴ አንብቤ ነጠላ ሰረዟን ሳይቀር አስተካክዬ ፈረምኩባት። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ እንደ እሷ የሚቀፈኝ የለም።

የጋሽ ሙጨ ስም ከዝርዝሩ ወጣ። በቀጣዩ ሰኔም ኮንትራታቸው አልታደሰም። እኔ የተበከሉትን ብልቃጦች ጥዬ፣ ማወዳደሩን ትቼ፣ አገዳ ከሚበሉት በተቀዱት ብቻ ሠራሁ፤ ተመረቅሁ፤ ጽሑፌም ወጣ። መጨረሻው ላይ በአንድ መስመር "የመስክ ሠራተኞችን" አመስግኛለሁ። ዛሬ የመሥሪያ ቤታችን የጥናት ክፍል አስተባባሪ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ አንዴ ብቻ አይቻቸዋለሁ። በሌላ ሥራ መተማ ዮሐንስ ወርጄ ከብት ተራው አጠገብ ሳልፍ፣ ለነጋዴዎች የበሬ ጎን እየዳሰሱ ዕድሜውንና ጤናውን ሲናገሩ አገኘኋቸው። ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን፣ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ገበያው ሳስቶ ነበር፤ እሳቸውም ሳስተዋል። ልደበቅ ፈልጌ ነበር፤ ቀድመው አዩኝ። "ዶክተሬ" ብለው ክርናቸውን ዘረጉ። ጥላ ሥር አስቀምጠው ቀዝቃዛ የከርከዴ ሻይ አስመጡልኝ።

"ላሞቹ ምን አሉ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። አገዳ የሚበሉት ከብቶች ጨጓራ ውስጥ ጠንካራውን ጭድ የሚሰብሩ ተሕዋስያን በዝተው እንደተገኙ። ከሩቅ ዘመድ ወሬ እንደመጣለት ሰው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ተፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፤

"እኔና አንች የሳብነውስ? ደኅና ደረሰ?"

"ደኅና ደረሰ" አልኩ።

ዓይኔን አዩኝ፤ ረዘም አድርገው። "ተማም" አሉ በአረብኛ፣ ደኅና ነው እንደማለት፤ ስለ ልጃቸው ስለ እናና ትምህርት ማውራት ጀመሩ። ከርከዴውን ጨርሼ ወደ መኪናዬ ስሄድ የሆነውን አላወቁም ብዬ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ነው የምላችሁ።

ሾፌሩ መርዶውን በነገረኝ በሦስተኛው ቀን፣ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፍቶ፣ ሸሕዲ ወረድኩ። ድንኳኑ ከቤታቸው ፊት ለፊት መንገዱን ግማሽ ይዞ ተተክሏል። ጫማዬን ሳላወልቅ ገና ወይዘሮ ትርንጎ አወቁኝ። አይተውኝ አያውቁም፤ ሾፌሩ ሹክ ብሏቸው ይሆናል። እጄን ይዘው ወደ መሐል ጎተቱኝና ለተቀመጠው ሰው "ይችት ናት" አሉ። "ያች ኸሙጨ ጋር ቱቦውን የሳበችው። አልነገራችሁም? ሲያወራላት ነው የኖረ። 'የተማረ ሰው ሁሉ ሽታዬን ሲሸሽ፣ አንዲቱ አፏን የኔ አፍ ኸነበረበት አደረገች' እያለ።"

ሰዎቹ ቦታ ለቀቁልኝ። አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ብድግ ብለው እኔን አስቀመጡኝ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር፤ ግን አልተከፈተም፤ ተቀመጥኩ።

እናና እጅ ልታስታጥበኝ መጣች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የአባቷ ቅጥነት አላት። ውኃውን እያወረደች፣ ቀና ሳትል፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

"የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ላባየ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር።"

እጆቼን አንድ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ።

"ኸደብዳቤው ጋር ያንች ግማሽ ገጽ ተያይዞ ነበር። እሱንም አንብቤላቸዋለሁ። ሌላ በረት ጋ ነበርኩ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።"

"መቼ ነው?" አልኩ።

"በዚያው ሰኔ።" ፎጣውን ሰጠችኝ። "ለናትሽ እንዳትነግሪያት አሉኝ። 'አንድ ጨዋታ ነው የቀረኝ፣ እሱንም አታበላሽብኝ' አሉ። እስኪሞቱ ድረስ ሲያወሩት ቁጭ ብዬ ስሰማ ኖሬአለሁ።"

በዚያው ሰኔ። መተማ ዮሐንስ ላይ ሲጠይቁኝ ያውቁ ነበር ማለት ነው። አፌን እንድከፍት በር ከፍተውልኝ ነበር፤ እኔ ከርከዴዬን ጠጥቼ ሄድኩ። ራሴን የጠላሁትን ያህል በሕይወቴ ምንም ነገር ጠልቼ አላውቅም፤ የትኛውም ግማት፣ የትኛውም አረንጓዴ ውኃ እዚያ አይደርስም።

ምግቡ ቀረበ። ያስቀመጡኝ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩና "እስቲ ልጄ፣ አንች ንገሪን። እንዴት ነበር?" አሉ። ወይዘሮ ትርንጎ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ተዘጋጁ። እናና ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆማለች። በዚያች ሰዓት እውነቱን ብናገር ያቺ ሴት የቀራትን እነጥቃለሁ አልኩ ለራሴ። ይህም እውነት ነበር፤ የተመቸኝም መሆኑ እውነት ነበር።

አወራሁላቸው። ፓምፑ እንዴት እንደተሰነጠቀ፣ ጋሽ ሙጨ በሬውን ወንድሜ ብለው እንዴት ይቅርታ እንደጠየቁት፣ ወባው እንዴት እንዳንቀጠቀጣቸው፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እንዴት እንደሳብኩ። አሁን ዶክተር ሁነሻል ያሉኝ ላይ ስደርስ ወይዘሮ ትርንጎ ከእንባቸው መሐል ሳቁ፤ ሰዉም አብሮ ሳቀ። ከሐሙስ ወዲያ ያለውን አልተናገርኩም። ሽማግሌው ራሴን ዳበሱኝ። "ተባረኪ፣ ሰው አክብረሻል" አሉኝ፤ በዙሪያው ያሉትም "ተባረኪ" አሉ።

እናና ያልነካሁትን ሰሃን ከፊቴ አንሥታ ወጣች።